በስማችን የሚለመን ገንዘብ

በፌብሩዋሪ 2018 የኢየሩሳሌም ማዘጋጃ ቤት አብያተ ክርስቲያናት ለጸሎት ላልዋለው ንብረታቸው አርኖና ይክፈሉ ቢል፣ መሪዎቻቸው የጎልጎታን ቤተ ክርስቲያን ለሦስት ቀን ዘጉ፤ ጥያቄውም ታገደ። እኛ የጸሎት ቤት ግብር ይክፈል አንልም፤ የእኛም ምኩራብ አይከፍልም። ይበልጥ የሚነካን የዓሙታው ጉዳይ ነው።

ሰዒፍ 46 የሚባለው ፈቃድ ላለው ዓሙታ 1,000 ሼቄል የሰጠ ሰው ከገቢ ግብሩ 350 ይቀነስለታል። ይህ 350 ሼቄል እናንተ ዳቦ ስትገዙ ማዓም የምትከፍሉበት የዚያው ካዝና ገንዘብ ነው። ታዲያ የልጆቻችንን ፎቶግራፍ አሳትሞ የሚለምን ዓሙታ ስንቱን ለልጆቹ፣ ስንቱን ለደመወዝ አዋለው? ሕጉ ሰነዱን ለማንም ክፍት አድርጎታል፤ የአምስቱ ከፍተኛ ተከፋዮች ደመወዝ ሳይቀር እዚያ ተጽፏል። ግን በዕብራይስጥ ነው፤ እናቶቻችን እንዴት ያንብቡት?

የግብር ምሕረቱ ይቅር አንልም፤ በእርሱ የሚረዳ ድሃ ብዙ ነውና። ነገር ግን በቤተ እስራኤል ስም የሚሰበስብ ሁሉ በየዓመቱ ሒሳቡን በአማርኛና በትግርኛ አትሞ በየሰፈራችን ይለጥፍ። እስከዚያው፣ ዕብራይስጥ የምታነቡ ልጆቻችን፣ ሪፖርቱን ከዓሙታ መዝጋቢው አውጡና ለወላጆቻችሁ በቡና ሰዓት አንብቡላቸው።