እርሳሱ በማን እጅ ነው?

የሀገራችን ቢሮክራሲ የንድፍ ድኻ ሆኖ አያውቅም። በ1990ዎቹ መጨረሻ «ቢፒአር» እየተባለ የተስፋፋው መሠረታዊ የሥራ ሂደት ለውጥ ነባሩን አሠራር በሳጥንና በቀስት አስነደፈ። ካይዘን ተከተለ፤ አቶ መለስ ዜናዊ በ2000 ዓ.ም. የጃፓንን ድጋፍ ጠየቁ፤ በ30 ያህል ድርጅቶች ከተሞከረ በኋላ በ2004 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ካይዘን ኢንስቲትዩት ተቋቋመ።

ከእነዚህ የለውጥ መሣሪያዎች ሁሉ ቀላሉ «የስፓጌቲ ሥዕል» የሚሉት ነው። የሥራ ቦታው ካርታ በወረቀት ላይ ይነደፋል፤ ሠራተኛው በተንቀሳቀሰ ቁጥር እርሳስ ይከተለዋል። በመጨረሻ መስመሩ እንደ ፓስታ ተጠላልፎ ሲታይ፣ የባከነው እርምጃ ያለ ክርክር ይጋለጣል።

በፋብሪካ የሚመላለሰው ሠራተኛው ነውና እርሳሱ እርሱን መከተሉ ተገቢ ነው። በመንግሥት መሥሪያ ቤት ግን የሚመላለሰው ማን ነው?

የመንዝ ጌራ ምድር ወረዳ መቀመጫ የሆነችውን መሐል ሜዳን እናስብ። አንድ ገበሬ የወረሰውን መሬት በስሙ ለማዛወር፣ 3,000 ሜትር ያህል ከፍታ ባለው ደጋ ብርዱን ተቋቁሞ ከቀበሌው ይመጣል እንበል። «ከቀበሌ ደብዳቤ አምጣ» ይባላል፤ ይመለሳል። ደብዳቤውን ይዞ ሲመጣ ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው፤ ዳግመኛ ይመለሳል። በቢሮው ንድፍ ላይ ግን ጉዳዩ የሚጀምረው ማመልከቻው መዝገብ ቤት ከገባ በኋላ ነው! የገበሬውን እግር ትቶ በወንበሮች መካከል ብክነት መፈለግ ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው።

በሚያዝያ 2017 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሥራ የጀመረው መሶብ የአንድ ማዕከል አገልግሎት፣ የልዩ ልዩ ተቋማትን መስኮቶች በአንድ ጣሪያ ሥር ማሰባሰቡ መልካም ነው። ነገር ግን አንድ ጣሪያ ከቢሮ ወደ ቢሮ መንከራተትን ይቀንስ እንደሆነ እንጂ፣ ከቀበሌ ወደ ከተማ መመላለስን ብቻውን አያስቀርም።

ስለዚህ ካርታው ከባለጉዳዩ ደጃፍ ይጀምር፤ የእያንዳንዱ ምልልስ ምክንያትም ይጻፍበት። ያን ጊዜ ጥያቄው ከጠረጴዛ አቀማመጥ ወደ ሥልጣን አቀማመጥ ይሻገራል፦ ደብዳቤውን ቢሮዎቹ ለምን እርስ በርሳቸው አይላላኩም? ኃላፊው በሌሉበት የመፈረም ውክልና ለምን አይሰጥም? እርሳሱ በቢሮው እጅ ብቻ እስካለ ድረስ እነዚህ ጥያቄዎች በወረቀቱ ላይ አይታዩም።

ጉዳዩ የቅልጥፍና ብቻም አይደለም። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ ግጭት ባልተለየው በዚህ ክልል፣ «ነገ ተመለስ» ማለት አንድን ሰው ዳግመኛ ለአስጊ መንገድ መዳረግ ነው። ይህን ቃል የሚናገር ባለሥልጣን ቢያንስ መስመሩ የት እንደሚያልፍ ሊያይ ይገባዋል።

ቸር ይግጠመን!