ያለ በደሉ መከራን ስለሚቀበል ሰው

በሐዋሳ ከተማ፣ በምሥራቅ ክፍል፣ ሰው የሞተ እንደ ሆነ የተዋሕዶውም የመካነ ኢየሱሱም ምእመን በአንድ ድንኳን ተቀምጦ ሐዘንተኛውን ያጽናናል። ይህ የተመሰገነ ልማድ ነው። ነገር ግን በዚያው ድንኳን ውስጥ አንድ ክፉ ቃል ከአፍ ወደ አፍ ሲተላለፍ ይሰማል፤ ይኸውም «እግዚአብሔር ያለ ምክንያት አይመታም፤ የተሰወረ ኃጢአት ቢኖርበት ነው» የሚለው ነው። ይህን የሚናገር መጽሐፍ የማያውቅ ሰው ብቻ ቢሆን ነገሩ በቀለለ ነበር። ዳሩ ግን የተማረውም፣ አንዳንድ ጊዜም ለማስተማር የተሾመው ይህንኑ ይላል።

ይህ ቃል ሃይማኖት መስሎ የቆመ ሐሰት ነው። የኢዮብ ወዳጆች ይህንኑ ቢናገሩ እግዚአብሔር ተቆጣቸው እንጂ አላመሰገናቸውም። ጌታም ዕውር ሆኖ ስለ ተወለደው ሰው በተጠየቀ ጊዜ ኃጢአቱን በእርሱም በወላጆቹም ላይ አላደረገም። የሰሊሆም ግንብ ወድቆ የገደላቸው 18 ሰዎችም ከቀሩት የኢየሩሳሌም ሰዎች ይልቅ በደለኞች እንዳልነበሩ አስተማረ።

የኢትዮጵያም ታሪክ ለዚህ ምስክር አለው። ሁለተኛው ፓትርያርክ አቡነ ቴዎፍሎስ ያለ መንግሥት ፈቃድ ኤጲስ ቆጶሳትን ሾሙ ተብለው በ1968 ዓ.ም. ከመንበራቸው ወርደው ታሰሩ፤ ሐምሌ 7 ቀን 1971 ዓ.ም. ያለ ፍርድ ተገደሉ። በ14ኛው ቀን፣ ሐምሌ 21፣ የመካነ ኢየሱስ ዋና ጸሐፊ ቄስ ጉዲና ቱምሳ በአዲስ አበባ አስተምረው ከቤተ ክርስቲያን ሲወጡ ተይዘው ተገደሉ። የሁለቱም መቃብር 13 ዓመት ያህል ተሰውሮ ኖረ፤ ዐፅማቸው የተገኘው ደርግ ከወደቀ በኋላ በ1984 ዓ.ም. ነው። እንግዲህ የመከራ ብዛት የኃጢአት ብዛት ምልክት ከሆነ፣ እነዚህ ሁለቱ በደለኞች፣ ገዳዮቻቸው ግን ጻድቃን ሊባሉ ነው። ይህን ለመናገር የሚደፍር ማን ነው? በእነርሱ ላይ የማይባለው ደግሞ ልጇ በሞተባት በድኻዪቱ እናት ላይ ስለ ምን ይባላል?

ሌሎች ደግሞ በተቃራኒው ይስታሉ። «መከራ አክሊልን ያስገኛል፤ ገዳዩም የእግዚአብሔር በትር ነው፤ ስለዚህ ፍርድ መጠየቅ አይገባም» ይላሉ። በመስቀሉ ዓለም ዳነ፤ ነገር ግን ይሁዳን ያመሰገነው፣ ጲላጦስንም ንጹሕ ነው ያለው ወንጌል የለም። የዮሴፍን መሸጥ እግዚአብሔር ለበጎ አደረገው፤ የወንድሞቹ አሳብ ግን ክፉ እንደ ነበረ ዮሴፍ ራሱ አልሸሸገም። እግዚአብሔር ከክፉ ነገር በጎ ማውጣቱ ክፉውን በጎ አያሰኘውም። የተሰወረውን ዐፅም ፈልጎ በክብር መቅበር፣ ገዳዩን በሕግ ፊት ማቆም የእምነት ጕድለት አይደለም።

ይህን የሰማ የከተማ ምሁር ይጠይቅ ይሆናል፤ «መከራው ቅጣት ካልሆነ፣ በራሱም በጎ ካልሆነ፣ እንግዲያ ከንቱ ነው» ይላል። ጥያቄው የሚናቅ አይደለም። መልሱ ግን በጉዲና ሥራ ይታያል። የታንዛንያው ፕሬዚዳንት ኔሬሬ ከአገር የሚወጡበትን መንገድ ባዘጋጁላቸው ጊዜ መንጋውን በመከራ ቀን ጥሎ መሄድን እንቢ አሉ። ሞቱን በጎ ያደረገው መከራው አይደለም፤ ስለ መንጋው ብለው መቅረታቸው ነው። ባለቤታቸው ወይዘሮ ፀሐይ ቶለሳም ከዚያ በኋላ ዐሥር ዓመት ያህል በእስር ተሠቃይተው እምነታቸውን አልጣሉም።

ነገር ግን ሁሉ ሰው መምረጥ አይችልም። ሕፃን በበሽታ ሲሞት መሄድም መቅረትም የለም። በዚህ ጊዜ የክርስትና እምነት ምክንያትን አይሰጥም፤ ምክንያት እሰጣለሁ የሚል ሁሉ ከኢዮብ ወዳጆች አንዱ ነው። እምነቱ የሚሰጠው ሌላ ነው፤ ንጹሕ ሆኖ ሳለ የተገረፈ፣ አባቱ የተወው መስሎት በመስቀል ላይ የጮኸ፣ በሦስተኛውም ቀን የተነሣ ጌታ ከሐዘንተኛው ጋራ እንዳለ ይነግራል። የዚህ ጌታ ጩኸት በመጽሐፍ ተጽፎ ሳለ የሐዘንተኛውን ጩኸት እንደ ክህደት መቍጠር አይገባም።

የኢዮብ ወዳጆች አንድ መልካም ሥራ ነበራቸው፤ አፋቸውን ሳይከፍቱ ሰባት ቀን በምድር ላይ አብረውት ተቀመጡ። የሳቱት መናገር በጀመሩ ጊዜ ነው። ስለዚህ ወደ ለቅሶ ቤት የሚሄድ ካህንም ምእመንም የሟቹን ኃጢአት መመርመሩን ይተው፤ ከሐዘንተኛው ጋራ ይቀመጥ፤ እንጀራውን ያቅርብ፤ የተበደለ ካለም ፍርድ እስኪያገኝ ድረስ አብሮት ይቁም።