ጋቢ ለብሶ ስለ ሐሩር

መካነ ሰላም ላይ ቆሞ ስለ ሙቀት ማውራት ያሥቃል። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 2600 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ማለዳ ጋቢውን እስከ አፍንጫው ለተከናነበ የቦረና ሰው ስለ ሐሩር አደጋ ቢያነሡበት «ይልቅ ይህን ውርጭ ገላግሉን» ይላል። (መካነ ሰላም ያለችበትን የወሎውን ቦረና ወረዳ ማለቴ ነው፤ ለደቡቡ ቦረና ስለ ሙቀት ነጋሪ አያሻውም።)

ለሙቀት የተጋለጡ ሰዎችን በካርታ ለይቶ የጤና ሥራን በዚያ ማቀድ በዓለም እየተለመደ ነው። የሕንዷ አህመዳባድ እ.ኤ.አ. በግንቦት 2010 ከወትሮው ከ1300 በላይ ብልጫ ያለው ሞት ካየች በኋላ በ2013 የሙቀት መከላከያ ዕቅድ አወጣች። እኛም ዘንድ እንዲህ ያለ ካርታ ይሠራ ቢባል የምፈራው አንድ ነገር ነው፦ ወረዳው በሙሉ በአንድ ቀለም ይቀባል። መካነ ሰላም ብርድ ስለሆነች ቦረና አረንጓዴ ይሆናል፤ ቀዩ ቀለም ለአፋር ይተዋል።

ቦረና ግን አንድ አየር ኖሮት አያውቅም። በስተምዕራብ ዓባይ ይወስነዋል፤ ማዶው ጎጃም ነው። ሸለቆው ከከተማዋ ከ1000 ሜትር በላይ ዝቅ ይላል፤ 1000 ሜትር በወረዱ ቁጥር ደግሞ ሙቀቱ 6 ዲግሪ ያህል ይጨምራል። ሌሊት በደጋ ብርድ ልብስ ደርቦ ያደረ ገበሬ ቀትር ላይ ቆላ እርሻው ውስጥ ላቡን ይጠርጋል። ቆላ፣ ወይና ደጋ፣ ደጋ፣ ውርጭ የሚለው ያባቶች አከፋፈል ወረቀት ላይ ሳይሰፍር የኖረ ካርታ ነው፤ ከወረዳ አማካይ ቁጥር ይልቅ እሱን አምናለሁ።

እሱም ቢሆን አይበቃም። ሰው ይንቀሳቀሳላ! ደገኛው ሰላም በሆነበት ዓመት ለሰሊጥ አጨዳ መተማና ሁመራ ይወርዳል። ሰውነት ሙቀትን ለመልመድ አንድ ሁለት ሳምንት ይፈልጋል፤ የቀን ሠራተኛ ግን በደረሰ ማግስት ማጭዱን ይዞ ፀሐይ ላይ ይቆማል። ከሁሉ የሚከፋው የወጣቶቹ መንገድ ነው፦ ከደቡብ ወሎ በአፋር በረሃ አድርጎ ጅቡቲ፣ ከኦቦክ ባሕሩን ተሻግሮ የመን፣ ከተሳካ ሳዑዲ። በዚህ መንገድ ላይ በውኃ ጥም የቀሩትን የትኛው ካርታ ይቁጠራቸው? የሞቱት በረሃ ላይ ነው። የተነሡት ግን ውርጭ ከሚመታው፣ በካርታው አረንጓዴ ከሚሆነው ቤት ነው።

ከቆላ በላይ ነን ብሎ መዘናጋት የሚያመጣውን በወባ አይተነዋል። እ.ኤ.አ. በ1958 ወረርሽኙ ከቆላው ወጥቶ ከ1600 እስከ 2150 ሜትር ከፍታ ያለውን፣ በሽታውን ያልለመደውን ሰው መታ። 3 ሚሊዮን ያህል ሰው ታሞ 150,000 ያህል እንደሞተ ይገመታል። «የቆላ በሽታ» ሲባል የኖረው ንዳድ በወይና ደጋው ሰው ላይ ጨከነ።

ካርታውን ለመጀመር ሳተላይት መጠበቅ አያሻም። ሳተላይት የመሬቱን ግለት ይለካል፤ በቤቱ ውስጥ ማን እንዳለና ማን እንደሄደ አይነግርም። ይህን የምታውቀው ከ1995 ዓ.ም. ወዲህ በየቀበሌው የተመደበችው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ናት። የቤተሰብ ማህደር በእጇ አለ። ጥቂት ጥያቄ ይጨመርላት፦ ከዚህ ቤት ማን፣ በየትኛው ወር፣ ወዴት ይወርዳል? ጣሪያው ሣር ነው ቆርቆሮ? ውኃው ምን ያህል ያስኬዳል? ብቻውን የሚውል አዛውንት አለ? ጦርነት በየመንገዱ ባለበት ጊዜ ቤት ለቤት መዞር ቀላል እንዳልሆነ አልዘነጋሁም። ግን ጎረቤቷን ለመጠየቅ መኪና አያሻትም።

ሕዝቡ ፀሐይ ለሚያመጣው ሕመም ስም አለው፤ ምች ይለዋል፤ ዳማ ከሴ ጨምቆ ይሰጣል። ሐኪሞች በዚህ ስም ብዙ ይከራከራሉ፤ ይከራከሩ። ከመተማ የተመለሰ ልጅ ጤና ኬላ ገብቶ «ምች መትቶኝ ነው» ሲል ግን፣ «የት ሆነህ ነው የመታህ?» ተብሎ እንዲጠየቅና መልሱ እንዲጻፍለት እፈልጋለሁ።