ቁልፉን በሩ ላይ ሰክቶ መተኛት

ዲጂታል ኦሽን ላይ ያለን ሰርቨር ለማጥፋት ድረ ገጹን መክፈት አያስፈልግም። ተርሚናል ላይ በከርል የማጥፊያ ጥያቄ፣ የሰርቨሩን ቁጥርና ቶክኑን መላክ ይበቃል። የሚመለሰው 204 ነው፤ ተፈጽሟል፣ ሌላ የሚባል የለም ማለት ነው። «እርግጠኛ ነህ?» ብሎ የሚጠይቅ የለም። ኤፒአዩ የሚያውቀው ቶክኑን እንጂ የያዘውን ሰው አይደለም።

ይህን እያወቁ «ቶክኑን እንዳለ ትእዛዙ ውስጥ ለጥፉት» ብለው የሚያስተምሩ አሰልጣኞች ተማሪውን እየጎዱት ነው። ባሽ ካልተከለከለ በስተቀር የተጻፈውን ሁሉ ታሪክ ፋይሉ ውስጥ ያስቀምጣል። በዚያው ማሽን ላይ ያለ ሌላ ተጠቃሚም ትእዛዙ እየሠራ ሳለ ቶክኑን ሊያየው ይችላል። ለጀማሪ ይቀላል ይላሉ። ለሌባም ይቀላል!

ኮድ ስፔስስ የፕሮግራመሮችን ኮድ የሚያስቀምጥ ኩባንያ ነበር። እ.ኤ.አ. በሰኔ 2014 አጥቂ የአማዞን መቆጣጠሪያ ገጹ ውስጥ ገብቶ ገንዘብ ጠየቀ። ባለቤቶቹ መልሰው ሊረከቡት ሲሞክሩ ማጥፋት ጀመረ። አብዛኛው መጠባበቂያ ሳይቀር ጠፋ፤ ኩባንያውም ተዘጋ። እርግጥ ነው፣ ሰውየው የገባው በገጹ በኩል ነው። ሙሉ ሥልጣን ያለው ቶክን ግን ያንኑ ሥራ ከዚያ በፈጠነ ጊዜ ይጨርሰዋል።

መፍትሔው ደግሞ ሩቅ አይደለም። ከርል ከ2017 ጀምሮ ሄደሩን ከፋይል ያነባል፤ ፋይሉን ከባለቤቱ በቀር ማንም እንዳያነበው ማድረግ የአንድ መስመር ሥራ ነው። የሰርቨር ዝርዝር ለማየት ብቻ ለሚፈልግ ሰው የንባብ ቶክን ይበቃዋል። መጠባበቂያው ሌላ አካውንት ውስጥ ይቀመጥ። ብዙዎች ግን ዛሬም ሙሉ ፈቃድ ሰጥተው፣ «ጊዜው አያልፍበትም» የሚለውን መርጠው፣ ያንኑ ቶክን ለሥራ ባልደረባቸው በቴሌግራም ይልኩታል።