የመጀመሪያዋ ሰዓት፦ በጉባ የእሳት አደጋና የድንገተኛ ሕክምና ባለሙያን ስለማፍራት

ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ በመተከል ዞን ጉባ ወረዳ መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. ተጀምሮ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመረቀ። እስከ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውኃ የሚይዘው ንጋት ሐይቅም ከጀርባው ተንጣለለ። በዚህ ለውጥ የወረዳው የአደጋ ዓይነት ተበራክቷል። ቀርከሃና ረጅም ሣር በሚበዛበት በዚህ ቆላ፣ በበጋ ለእርሻ ምንጠራና ለአደን የሚለኮስ እሳት ከቁጥጥር እንዳይወጣ መሥጋት የቆየ ነው። ዛሬ በዚያ ላይ የጀልባ መገልበጥ እንዲሁም የከፍተኛ ቮልቴጅ መሣሪያዎችና የትራንስፎርመር ዘይት ቃጠሎ ሥጋት ታክሏል። ስለዚህ ለአደጋው ቀድሞ የሚደርሰው ማን ነው የሚለው ጥያቄ ከግንባታው እኩል ክብደት ሊሰጠው ይገባል።

ያለፉት አደጋዎች እንደሚያሳዩት የመጀመሪያዋ ሰዓት በቦታው ለተገኘ ሰው የተተወች ናት። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን የመሬት መንሸራተት በደረሰ ጊዜ፣ የተቀበሩትን ለማውጣት የሮጡ ሰዎች ራሳቸው በሁለተኛው ናዳ ተቀበሩ፤ የሟቾችም ቁጥር ከ200 በላይ ሆነ። ከደራሾቹ ርኅራኄም ድፍረትም አልጎደለም። የጎደለው ሌላ ናዳ ሊከተል እንደሚችል ገምቶ ዳገቱን የሚጠብቅ ሰው የሚያቆምና ቆፋሪዎችን በተራ የሚያሰማራ ሠልጣኝ ነበር።

በ2011 ዓ.ም. በሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ የተነሣው ቃጠሎም ከኬንያ ሄሊኮፕተር፣ ከእስራኤል ባለሙያዎች እስኪመጡ ድረስ ሸክሙን የጣለው በአካባቢው ሕዝብ ትከሻ ላይ ነበር። በሩሲያ ሳያኖ ሹሼንስካያ የኃይል ማመንጫ በነሐሴ 2001 ዓ.ም. አንድ ተርባይን ከመቀመጫው ተነቅሎ 75 ሰዎች ሲሞቱ፣ ኃይል በመቋረጡ የውኃ መግቢያ በሮቹን በእጅ የዘጉት በሥፍራው የነበሩ ሠራተኞች ናቸው።

የከተማ የእሳት አደጋ ሥልጠና በውኃ ጫኝ መኪና፣ በቱቦና በፎቅ ሕንፃ ላይ ቢያተኩር ተገቢ ነው። ይህን ሥርዓተ ትምህርት እንዳለ ወደ ጉባ መገልበጥ ግን መፍትሔ አይሆንም። ለጉባ የሚያስፈልገው ሦስት ሙያዎችን አጣምሮ የያዘ ባለሙያ ነው፦ እሳት የማይሻገረውን ጥርግ መስመር የሚያወጣ፣ ከውኃ ሰው የሚያድን፣ እንዲሁም ደም የሚያቆም፣ የተሰበረ አጥንት የሚደግፍና የእባብ ንድፊያ የደረሰበትን ሰው ሳያንገላታ ወደ ጤና ተቋም የሚያደርስ። ሠልጣኙ ከወረዳው ተወላጆች ቢመለመል ነፋሱንና ሣሩን ያውቃል፤ የተጎጂውንም ጩኸት በጉሙዝኛ ይሰማል። እሳትን መቼና እንዴት መለኮስ እንደሚገባ ሽማግሌዎች የሚያውቁትም የትምህርቱ አካል መሆን አለበት።

በዚህ ላይ ሁለት መከራከሪያዎች ይነሡ ይሆናል። የመጀመሪያው ግድቡ የራሱ የደኅንነት ሠራተኞች ይኖሩታል የሚል ነው። ሆኖም የእነርሱ ግዴታ ተቋሙን መጠበቅ እንጂ በየቀበሌው የሚነሣን ቃጠሎ ማጥፋት አይደለም። ሁለተኛው፣ አደጋ በየቀኑ ስለማይደርስ ቋሚ ባለሙያ መቅጠር ብክነት ነው የሚል ነው። ክርክሩ የሚጸናው ሥራው ማጥፋት ብቻ ነው ተብሎ ከታሰበ ነው። የእሳት ባለሙያ ዋና ቀን አደጋ የሌለበት ቀን ነው፤ በዚያ ቀን ሣሩ ሳይደርቅ መስመር ያወጣል፣ ዓሣ አጥማጆችን ያሠለጥናል፣ ጀልባዎችን ይፈትሻል።

ከሁሉ በላይ ይህ ሥራ የጥቂት ቀናት ሥልጠናና የምስክር ወረቀት ሆኖ እንዳይቀር ያሠጋል። ደመወዝ፣ የሕይወት መድን፣ ደረጃ በደረጃ የሚያድግበት መሰላልና ዓመታዊ የክህሎት ፈተና የሌለው ሙያ ሠልጣኙን አያቆይም፤ ወጣቱ የተሻለ ሥራ ባገኘ ዕለት ዕውቀቱን ይዞ ይሄዳል። የአሶሳ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከወረዳው ጤና ጣቢያዎች ጋር ሆነው ጉዳቱ የደረሰበትን ሰዓት፣ ቦታውንና ዕርዳታ እስኪደርስ የወሰደውን ጊዜ ቢመዘግቡ፣ ሥርዓተ ትምህርቱ በግምት ሳይሆን በማስረጃ ይቀረጻል። የምዝገባው ጅማሮ ደግሞ ግዙፍ በጀት አይጠብቅም፤ አንድ ወጥ ቅጽና በየጤና ጣቢያው የሚሞላው ኃላፊ ይበቁታል።