ማንም ብቻውን ሐኪም ፊት አይቀመጥ

እኛ በሜልበርን፣ በአስኮት ቬልና በፍሌሚንግተን የምንኖር፣ ሌሊት ቢሮ የምናጸዳ፣ አረጋውያንን አንሥተን የምናገላብጥ፣ መጋዘን ውስጥ ካርቶን የምንሸከም ሰዎች ነን። ሥራ ላይ የተጎዳ ወገናችን ሕመሙን ደብቆ ሺፍት የሚገባበት፣ ከኪሱ የሚታከምበት ጊዜ እንዲያበቃ ተነሥተናል።

ሕጉ አለ። ዎርክ ኮቨር የተባለው የቪክቶሪያ የሥራ ጉዳት ኢንሹራንስ ጥፋቱ የማን ነው ሳይል ያሳክማል። ጥያቄው ተቀባይነት ያገኘ ሠራተኛ የሐኪም፣ የመድኃኒትና የፊዚዮቴራፒ ተገቢ ወጪው ይሸፈንለታል። መሥራት ካልቻለም ለመጀመሪያዎቹ 13 ሳምንታት ከጉዳቱ በፊት ያገኘው ከነበረው አማካይ ደመወዝ 95 በመቶ፣ ከዚያ በኋላ 80 በመቶ ይከፈለዋል፤ ጣሪያ ግን አለው። ካዥዋል መሆን ይህን መብት አያስቀርም።

መብቱ የሚጠፋው ክሊኒክ ውስጥ ነው። ወገቧን የያዛት የጽዳት ሠራተኛ ሐኪሙ "ምን ሆነሽ ነው?" ሲላት፣ ሺፍት እንዳይቀነስባት ፈርታ "ቤት ዕቃ ሳነሣ ነው" ትላለች። ያቺ ቃል መዝገብ ላይ ትሰፍራለች። ከወራት በኋላ ጎንበስ ማለት አቅቷት ስታመለክት፣ የኢንሹራንሱ ኤጀንት የሚያወጣባት ያንኑ መዝገብ ነው። ሌላዋ ልጇን አስተርጓሚ አድርጋ ትገባለች፤ ልጅ እናቱን ሊያስደነግጥ ስለማይፈልግ ግማሹን ይውጠዋል። አለቃዋ ራሱ አብሯት ገብቶ የሚተረጉምላትም አለች። ይህ መቆም አለበት! ለአስተርጓሚ 131 450 ይደወላል፤ እስኪገኝ ድረስ ምርመራው ይጠብቅ።

ኤጀንቱንም መፍራት ከባዶ አልመጣም። የቪክቶሪያ እንባ ጠባቂ በ2016 እና በ2019 ባወጣቸው ሪፖርቶች፣ ኤጀንቶች በውስብስብ ጉዳቶች ላይ አግባብ የሌለው ውሳኔ እንደሚሰጡ አጋልጧል። ከመጋቢት 2024 ወዲህ ደግሞ በሩ ይበልጥ ጠቧል፤ ከ130 ሳምንት በኋላ ሳምንታዊ ክፍያው እንዲቀጥል መሥራት አለመቻል ብቻውን አይበቃም፣ ከ20 በመቶ በላይ ዘላቂ የአካል ጉዳት ይጠየቃል። ይህ መስፈርት እንዲነሣ እንታገላለን። ኤቢኤን (የንግድ መለያ ቁጥር) አውጡ ተብለው በአንድ አለቃ ትእዛዝ የሚውሉትም እንደ ሠራተኛ እንዲቆጠሩ እንጠይቃለን።

አቅሙ አለን። ሐምሌ 4 ቀን 2020 በፍሌሚንግተንና በኖርዝ ሜልበርን ዘጠኝ የመንግሥት መኖሪያ ሕንጻዎች በኮቪድ ምክንያት በድንገት ሲዘጉ፣ ለነዋሪው ቀድሞ የደረሰለት የራሱ ሰው ነበር። እድራችን ለቀብር ገንዘብና ሰው አያጣም። በሕይወት ላለው ቁስለኛም ይመድብ፤ በየሕንጻው፣ በየደብሩና በየመስጊዱ ሕጉን የሚያውቅ፣ አማርኛውንም እንግሊዝኛውንም የሚችል አንድ አብሮ ሂያጅ ይኑር።

አብሮ ሂያጁ ገና በመጀመሪያው ቀን ይደርሳል። የተጎዳው "ሥራ ላይ ነው የተጎዳሁት" ብሎ ለሐኪሙ ሲናገር አጠገቡ ይቀመጣል። ሐኪሙ የሚሰጠው የሥራ አቅም ሰርተፊኬት በአማርኛ እስኪብራራለት ድረስ ከክሊኒኩ አይወጡም። ጉዳቱን በ30 ቀን ውስጥ ለአሠሪው በጽሑፍ አብረው ያሳውቃሉ፤ አሠሪው የካሳ ጥያቄ ቅጹን አልቀበልም ካለ በቀጥታ ለተቆጣጣሪው ለዎርክሴፍ ያስገባሉ፤ ኤጀንቱ ከከለከለ 60 ቀን ሳያልፍ ወደ አስታራቂው ዎርክፕሌስ ኢንጁሪ ኮሚሽን አብረው ይሄዳሉ።