ስልኬ ውስጥ ያለው የኔ ብቻ አይደለም

ባለፈው ወር ሞባይል ልገዛ መርካቶ ወርጄ ነበር። ሻጩ ስለ ካሜራው፣ ስለ ባትሪው፣ ስለ ዋጋው ሳይሰለቸው አስረዳኝ። "መረጃዬንስ ይጠብቃል?" ስለው ግን ሳቀ። "አንተ ደግሞ፣ ምን የምትደብቀው አለህ?"

የራሴ እንኳ ብዙም የለኝም። ነገር ግን ለክፍል ሥራ ያነጋገርኳቸው፣ "ስሜ እንዳይወጣ" ብለው አደራ ያሉኝ የሰፈራችን እናት ድምፅ አሮጌው ስልኬ ውስጥ ነበር።

ስጋቱ ደግሞ ተረት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2020 አፕስትሪም የተባለ የሞባይል ደህንነት ኩባንያ፣ ኢትዮጵያን ጨምሮ በተለያዩ አገሮች በተሸጡ ቴክኖ ደብሊው 2 ስልኮች ላይ ገና ሳይሸጡ የተጫነ ጎጂ ሶፍትዌር ማግኘቱን ገለጸ። ሶፍትዌሩ ባለቤቱ ሳያውቅ ክፍያ ላላቸው አገልግሎቶች ሊያስመዘግበው ይሞክር ነበር። አምራቹ ትራንሽን ጥፋቱን በአንድ አቅራቢ ላይ ጣለ።

ታዲያ ውድ እንግዛ? ኧረ በምን ገንዘብ! ውድነትም እኮ ዋስትና አይሆንም። አፕል፣ ሲሪ የሰው ወሬ ቀድታለች በሚል ለቀረበበት ክስ ጥፋቱን ባያምንም፣ እ.ኤ.አ. በ2024 ዓ.ም. 95 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማምቷል።

ርካሽ የገዛ ተማሪ ሊወቀስ አይገባም፤ ጥበቃው ከነዋጋው አብሮ መምጣት ያለበት ነገር ነው። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም ወጥቷል። እኔን የሚገርመኝ የኛው ክፍል ነው። የምንጭን ምስጢር መጠበቅ እንማራለን፤ ምስጢሩ የሚቀመጥበትን ስልክ ግን አንስተነው አናውቅም።

የገዛሁት ርካሹን ነው። የእናትየዋን ድምፅ ፍላሽ ላይ ገልብጬ ከአሮጌው ስልክ አጠፋሁት፤ አዲሱ ላይ አልጫንኩትም።